ቦምብ ጣዩን ማን ያጅበው? ለምርት ሳይበቁ ከቀሩ አራት ቀደምት ጄቶች የቱን እንምረጥ

«ጎማው የታለ?» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ዴይተን፣ ኦሃዮ ነን፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ። ፊታችን ያለው ነገር ተዋጊ ጄት ነው ቢሉህ አታምንም። ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል ነው፤ ከሚኒባስ ታክሲ ያጥራል። ሆዱ ተነፍቷል፣ አፍንጫው ትልቅ ቀዳዳ ነው፣ ክንፉ ደግሞ ወደ ላይ ይታጠፋል። ልጁ ልክ ነው። ጎማ የለውም። ሲበርም አልነበረውም።

ስሙ ኤክስ ኤፍ-85 ጎብሊን ነው። የተሠራው አንድ ራስ ምታት ለማስታገስ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ አየር ኃይል ቢ-36 የሚባል ግዙፍ ቦምብ ጣይ ነበረው። ከአህጉር አህጉር ይሄዳል። የዚያ ዘመን ተዋጊ ጄቶች ግን ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጡ ስለነበር ግማሽ መንገድ እንኳ አብረውት መሄድ አይችሉም። ታዲያ ጠላት ሰማይ ላይ ሲደርስ ማን ያጅበው?

ለዚህ ጥያቄ አራት መልስ መጣ። ጎብሊን አንዱ ነው። ሌሎቹ ኤክስ ኤፍ-88፣ ኤክስ ኤፍ-90 እና ዋይ ኤፍ-93 ናቸው። አራቱም ተሠሩ፣ አራቱም በረሩ፣ ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ብቻ ተሠርቶ አበቃ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዛሬ እነዚህን የሚገዛ ጄኔራል የለም። የሚመርጥ ሰው ግን አለ። አንዱ የፕላስቲክ ሞዴል ሊገጣጥም ብሩን ይዞ ያመነታል። ሌላው ያለችው አንዲት ቅዳሜ ናት፤ ሙዚየም ሄዶ ምን ይይ? ሌላው ስለ አንዱ ሊጽፍ ወይም ቪዲዮ ሊሠራ አስቧል። የቀረው እንደ እኔ ነው፤ ማታ ማታ «እኔ ብሆን የቱን እገዛ ነበር?» እያለ ከራሱ ጋር የሚከራከር።

ሁሉንም የሚያደናግራቸው ነገር አንድ ነው። ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ግን አይገጥምም። የአንዱ ፍጥነት በበረራ የተለካ ነው፣ የሌላው የወረቀት ስሌት። አንዱ አፍተርበርነር (ጭስ ማውጫው ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ) ተገጥሞለት፣ ሌላው ሳይገጠምለት። ጤፍን በጣሳ፣ በርበሬን በኪሎ ሰፍሮ «የቱ ይበልጣል?» እንደማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛኑን እናስተካክል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ርቀት ነው። የአየር ኃይሉ የመነሻ ፍላጎት 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ተዋግቶ፣ መመለስ የሚችል አጃቢ ነበር። ከአዲስ አበባ ካርቱም የአየር መንገዱ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ካርቱምን አልፈህ ሄደህ፣ እዚያ ተታኩሰህ፣ ነዳጅ ሳትቀዳ መመለስ ማለት ነው። ያውም በ1940ዎቹ ጄት።

ሁለተኛው የሞተሩ ጉልበት ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ነው። ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። የሚገርመው፣ ከአራቱ ሦስቱ የሚበሩት በአንድ ዓይነት ሞተር ነው፤ ዌስቲንግሃውስ ጄ-34። አንዱ ሞተር የሚገፋው 1,360 ኪሎ ያህል ነው። ልዩነቱ ያ ሞተር ምን ያህል ሸክም ተጫነበት የሚለው ነው። የቪትዝ ሞተር ቪትዝ ላይም፣ አይሱዙ ላይም ቢገጠም ሞተሩ ያው ነው። ዳገቱ ላይ ግን ይለያል።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ተራ አብራሪ፣ በክፉ አየር፣ ከረጅም በረራ በኋላ ደክሞት ሊያዘው ይችላል ወይ? አራተኛው የማደግ ዕድል። የተሻለ ሞተር ነገ ቢመጣ አውሮፕላኑ ይቀበለዋል ወይ?

ፍጥነትን ሆን ብዬ ወደ ታች አወረድኩት። ሦስቱ ትልልቆቹ በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትርን የዘለሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። መሣሪያም አይለያቸውም፤ ሦስቱም ስድስት ስድስት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ እንዲይዙ ነው የታሰቡት። ጎብሊን ብቻ አራት መትረየስ ነው የሚይዘው።

ኤክስ ኤፍ-85 ጎብሊን፦ በሆድ የተያዘው አጃቢ

የማክዶኔል ኩባንያ መሐንዲሶች ጥያቄውን ገለበጡት። አጃቢው ሩቅ መሄድ ካልቻለ ለምን ቦምብ ጣዩ ራሱ ተሸክሞት አይሄድም? ክንፉን አጥፎ በቦምቡ ቦታ ይቀመጣል። ጠላት ሲመጣ በብረት ክንድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይለቀቃል፣ ይዋጋል፤ ሲጨርስ አፍንጫው ላይ ባለው መንጠቆ ተመልሶ ይንጠለጠላል። ጎማ ለምን ያስፈልገዋል? ክብደት ነው። አወለቁት። ባዶ ክብደቱ 1.7 ቶን ያህል ብቻ ሆነ።

በመመዘኛችን ስናየው ርቀት ላይ ብልጥ መልስ ነው፤ ጉልበት ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ አያያዝ ላይ ግን ጉድ ነው።

ኦገስት 23 ቀን 1948። ካሊፎርኒያ፣ ሚዩሮክ። ቢ-36ቱ ስላልደረሰ ተሸካሚው የተሻሻለ ቢ-29 ቦምብ ጣይ ነው። የሙከራ አብራሪው ኤድዊን ሾክ ተለቀቀ፣ ትንሽ በረረ፣ ከዚያ ሊመለስ መጣ። ከትልቁ አውሮፕላን ሆድ ሥር ግን አየሩ ይናወጣል። ትንሿ ጄት እንደ ቡሽ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። መንጠቆው የብረቱን ክንድ ይስታል። ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ክንዱ የጣሪያውን መስታወት ሰበረውና የራስ ቁሩንና የኦክስጅን ጭምብሉን ከፊቱ ገፎ ወሰደው። ሾክ ደረቁ የሐይቅ ወለል ላይ በሆዱ ተንሸራቶ አረፈ። በሕይወት ተረፈ፤ ቆይቶም ተመልሶ በረረ። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሰው የፋብሪካው ልምድ ያለው የሙከራ አብራሪ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ መቶ አለቃስ?

በጠቅላላው ሰባት በረራ ተደረገ፤ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በተሳካ ሁኔታ ተመልሶ የተንጠለጠለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነቱም በወረቀት ከ1,000 በላይ ተብሎ በተግባር በሰዓት 600 ኪሎ ሜትርን አልነካም። በ1949 ተዘጋ።

የማደግ ዕድሉስ? ዜሮ። ትልቅ ሞተር ብትሰጠው ቦምብ ጣዩ ሆድ ውስጥ አይገባም። እዚያው አለቀ።

ኤክስ ኤፍ-90፦ የማይሰበረው

ሎክሂድ በተቃራኒው ሄደ። የመሐንዲሱ ኬሊ ጆንሰን ቡድን በጊዜው ከተለመደው የጠነከረ አሉሚኒየም መርጦ፣ የስበት ኃይልን አሥራ ሁለት እጥፍ እንዲችል አድርጎ ሠራው። ያምራል። አፍንጫው እንደ መርፌ የሾለ፣ ክንፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ይኼ ነው አሸናፊው» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር።

ችግሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ባዶውን ከስምንት ቶን ይበልጣል። ከኤክስ ኤፍ-88 ጋር ሲተያይ በግማሽ ያህል የከበደ ነው። የሚገፉት ግን እነዚያው ሁለት ጄ-34 ሞተሮች ናቸው። አይሱዙው ይኼ ነው። በሙከራው ወቅት ከመሬት ለመነሣት ሮኬት ታስሮለት የተነሣበት ጊዜ ነበር። አፍተርበርነር ከተገጠመለትም በኋላ ጉልበት አጠረው።

ቁልቁል ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው። በሜይ 17 ቀን 1950 ቶኒ ሌቪዬር አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ከድምፅ ፍጥነት አሳለፈው፤ ማክ 1.12። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም። ቁልቁል ማንም ይሮጣል እንዳትሉ፤ በዚያ ዘመን ብዙዎች እዚያ ፍጥነት ላይ ተበጣጥሰዋል።

ጥንካሬው የታየው ግን ከተሰናበተ በኋላ ነው። አንደኛው ለምርምር ተሰጥቶ እስኪሰበር ተፈተነ። ሁለተኛው በ1952 ኔቫዳ በረሃ፣ የኑክሌር ቦምብ መሞከሪያ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ፍንዳታው ምን እንደሚያደርገው ለማየት። ሦስት የአቶሚክ ፍንዳታ አለፈበት። አፍንጫው ተጨፈላለቀ፣ ነገር ግን አልጠፋም። ሃምሳ ዓመት ገደማ አሸዋ ውስጥ ተጥሎ ቆይቶ በ2003 ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዴይተን ተወሰደ። ጨረር ያለበትን አሸዋ ለማውጣት ሪቬቱን (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማሩን) ሁሉ መንቀል ነበረባቸው ማለት ይቻላል።

ለአጃቢነት ይህ ሁሉ ጥንካሬ ምን ይሠራል? ብዙም አይሠራም። አጃቢ መድረስ አለበት፤ ደርሶም ዞሮ መነሣት አለበት።

ዋይ ኤፍ-93፦ የሴበር ታላቅ ወንድም

ለእኛ የሚቀርበው ይኼኛው ነው። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል በ1960ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ ያበረውን ኤፍ-86 ሴበርን የሠራው ኖርዝ አሜሪካን ነው፤ ዋይ ኤፍ-93ም ሲወለድ ስሙ ኤፍ-86 ሲ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የታወቀውን ሴበር ውሰድ፣ አካሉን አፋፋው፣ ነዳጁን ከሦስት እጥፍ በላይ አድርገው፣ አንድ ትልቅ ጄ-48 ሞተር ስጠው። ክብደቱ ስለጨመረ ዋና ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆኑ።

አፍንጫው ለራዳር ስለተፈለገ የሴበር መለያ የሆነችው የፊት ቀዳዳ ተደፈነች። አየሩ በጎንና በጎን ካሉ፣ ከአካሉ ጋር ልሙጥ ከሆኑ ማስገቢያዎች እንዲገባ ተደረገ። ለዓይን ግሩም ነው። በኋላ በአንደኛው ላይ ተራ፣ ወጣ ያለ ማስገቢያ ተገጥሞ ሁለቱ ተነጻጽረዋል፤ የአውሮፕላኑ ትልቁ ውለታም ይኸው የምርምር ሥራ ሆነ።

አየር ኃይሉ ገና ሳይበር 118 አዝዞ ነበር። በ1949 መጀመሪያ ሰረዘው። የመጀመሪያው በረራ በጃንዋሪ 1950 ሲደረግ ገበያው ቀድሞ ተዘግቷል። ሰርግ ከቀረ በኋላ የደረሰ ሙሽራ።

በሚዛናችን ላይ መጥፎ አይደለም። ርቀት አለው፣ ፍጥነቱ ከአራቱ ሁሉ የላቀ ነው፤ በሰዓት 1,140 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አንድ ሞተር ብቻ መሆኑ ግን ያሳስበኛል። ሩቅ አገር ላይ ያቺ ብታቆም ሌላ የለም።

ኤክስ ኤፍ-88፦ ያሸነፈውና ያልተገዛው

ይህም የማክዶኔል ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1948 በረረ። ሁለት ጄ-34 ከሆዱ ሥር፣ ወደ ኋላ 35 ዲግሪ ያዘነበለ ክንፍ፣ ባዶ ክብደት አምስት ቶን ተኩል። ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። እርሱም በመጀመሪያ ጉልበት አጥሮት ነበር። ሁለተኛው ሲሠራ አጭር አፍተርበርነር ገጠሙለትና ነፍስ ዘራ።

በ1950 አጋማሽ የአየር ኃይሉ አብራሪዎች ሦስቱን ትልልቆች ጎን ለጎን አበረሩ። ኤክስ ኤፍ-88 አንደኛ ወጣ። በአንድም ነገር ቁንጮ አልነበረም፤ ከሁሉም በፍጥነት አይበልጥም፣ ከሁሉም አይጠነክርም። በአንድም ነገር ግን አልወደቀም።

ያኔ ኮሪያ ጦርነት ተነሥቷል። ብሩ ዛሬ ለሚዋጋ እንጂ ለነገ አጃቢ አልተረፈም። አሸናፊው ሽልማቱን ሳይወስድ ፕሮግራሙ ተዘጋ።

የማደግ ዕድል የሚለውን መመዘኛ ያስገባሁት ለዚህ ነው። በ1951 አየር ኃይሉ እንደገና አጃቢ ፈለገ። ማክዶኔል ያንኑ ንድፍ አውጥቶ አሰፋው፤ በጄ-34 ፋንታ ያለ አፍተርበርነር እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚገፋ ጄ-57 ሰጠው። ኤፍ-101 ቩዱ ሆነ። በ1954 በረረ፣ 800 ያህል ተሠራ፤ ፎቶ አንሺው ዝርያው በ1962 ኩባ ላይ የሶቪየት ሚሳኤሎችን ፎቶ አንሥቷል። ቦምብ ጣይ ማጀቡ ግን በመሃል ቀረ።

አሮጌዎቹ ሁለቱስ? አንደኛው አፍንጫው ላይ ሌላ ሞተርና ውልብልቢት ተገጥሞለት ለምርምር አገለገለ። ከዚያ ሁለቱም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ።

ባጭሩ

| | ኤክስ ኤፍ-85 | ኤክስ ኤፍ-88 | ኤክስ ኤፍ-90 | ዋይ ኤፍ-93 |
|---|---|---|---|---|
| ሠሪ | ማክዶኔል | ማክዶኔል | ሎክሂድ | ኖርዝ አሜሪካን |
| የመጀመሪያ በረራ | 1948 | 1948 | 1949 | 1950 |
| ርዝመት | 4.5 ሜትር | 16.5 ሜትር | 17.1 ሜትር | 13.4 ሜትር |
| ሞተር | 1 ጄ-34 | 2 ጄ-34 | 2 ጄ-34 | 1 ጄ-48 |
| ባዶ ክብደት | 1.7 ቶን | 5.5 ቶን | 8.2 ቶን | 6.4 ቶን |
| ግፊት ለባዶ ክብደት፣ ያለ አፍተርበርነር | 80 በመቶ ያህል | ግማሽ ያህል | ሲሶ | ከግማሽ ትንሽ ያነሰ |
| አያያዝ | አደገኛ | ጥሩ | ከባድ | ደህና |
| የማደግ ዕድል | የለም | ትልቅ | ጠባብ | መካከለኛ |
| ዛሬ የሚታይ | ሁለቱም አሉ | የለም | የተጎዳው አንዱ | የለም |

አያያዝና የማደግ ዕድል የሚሉት ረድፎች የእኔ ፍርድ ናቸው። የሚከራከረኝ ይከራከረኝ። ግፊት የሚለውን ረድፍ ግን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት፤ ኤክስ ኤፍ-90 ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይገባችኋል።

ለማን የቱ?

የ1950 ጄኔራል ለመሆን ለሚፈልግ፦ ኤክስ ኤፍ-88። አላመነታም። ግን አሁን ካለው ሞተር ጋር አልገዛውም። «ንድፉን አስቀምጡልኝ፣ ሞተሩ ሲመጣ እንነጋገር» እል ነበር። በገዛ ገንዘቤ ቢሆን ኖሮ ያው፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ከሆነ ኤክስ ኤፍ-90ን ገዝቼ በር ላይ አቆመው ነበር፣ ለውበቱ።

ሞዴል ለሚገጣጥም፦ ቦታና በጀት ካነሰ ጎብሊን። በ1 ለ72 መጠን ርዝመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። ጎማ የለ፣ የጎማ መዝጊያ የለ፤ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ቀለም መቀባት የጀመረ ልጅ ካለ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እጁ የተፍታታ ሰው ግን ኤክስ ኤፍ-90ን ከፍንዳታው በኋላ እንዳለ ይሥራው፤ የተጨፈለቀ አፍንጫ፣ የተነቀለ ክንፍ፣ አሸዋ። ስህተትህን ሁሉ ቦምቡ ላይ ማላከክ ትችላለህ። መደርደሪያው ላይ በኢትዮጵያ ቀለማት የተቀባ ኤፍ-86 ያለው ሰው ዋይ ኤፍ-93ን አጠገቡ ያስቀምጠው። ዘመድ መሆናቸው ክንፋቸው ላይ ያስታውቃል።

ሙዚየም ለሚሄድ፦ ዴይተን። መግቢያውም መኪና ማቆሚያውም ነፃ ነው፤ ኮሎምበስ ላለ ሰው ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ መንገድ ነው። ጎብሊንን እዩ፣ ከዚያ ኤፍ-101ን ፈልጉ፤ ኤክስ ኤፍ-88 ቢያድግ ምን ሊመስል እንደነበር እርሱ ይነግራችኋል። ኤክስ ኤፍ-90ን ብቻ ብላችሁ ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ሙዚየሞች ዕቃ ያዘዋውራሉ። ኦማሃ አካባቢ ያላችሁ ሁለተኛዋን ጎብሊን አሽላንድ፣ ኔብራስካ ታገኟታላችሁ፤ እዚያ መግቢያ ይከፈላል።

ለሚጽፍ ወይም ቪዲዮ ለሚሠራ፦ ሁሉም ስለ ጎብሊን ሠርቷል። ዋይ ኤፍ-93ን ውሰዱ። የአየር ማስገቢያው ታሪክ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣዋል።

በጀት ለሌለው ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አንድ ሜትሩን በአንድ ሴንቲ ሜትር ቆጥራችሁ አራቱንም በአንድ ገጽ ላይ ሣሉ። ኤክስ ኤፍ-90 ገጹን ሊሞላው ይደርሳል። ጎብሊን ጅራቱ ሥር ጥላ ፈልጎ የተኛ ይመስላል። እኔና የእህቴ ልጅ ከሙዚየሙ ስንመለስ እንዲህ አደረግን። የእርሱ ጎብሊን አራት ጎማ ነበረው።